ኦርቪል ዝም ያለ ጊዜ

ክብርት ዳኛ ሄስተር፣ ፓስተር ኤምብሪ፣ የኦርቪል ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ጎረቤቶቼ፤ በዚህ ዝናብ ኮረብታውን ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ያክብርልኝ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ኦርቪል ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳቁ፣ ሳቁ፤ እሱም ደስ ይለዋል። ከኬንታኪ እስከ ቴክሳስ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ብቻውን ያጠራቀመውን ወሬ ጡረታ ሲወጣ እኛ ላይ አራገፈው። ያቺን ከመንጠቆው ያመለጠችውን ዓሣ ወሬ ያልሰማ አለ? ባወራት ቁጥር ታድጋለች እኮ!

እኔ ግን ዝም ሲል አይቼዋለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ የገረመኝ ነገር የለም።

እኔና እሱ በቤታቸው ለተጎዱ ልጆች ፍርድ ቤት ቀርበን የምንናገር በጎ ፈቃደኞች ነን። የልጆቹን ጉዳይ ውጭ አናወራም። ይህን የማወራው ዴልፊ ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። ያቻትና፣ ከሬሳ ሳጥኑ አጠገብ።

ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ክንዷ ተሰብሮ ከእናቷ ቤት ወጣች። የእናቷ ወዳጅ «ከዛፍ ወደቀች» አለ። እናትየውም «ወደቀች» አለች። ልጅቷስ? ሐኪም ጠየቃት፣ ፖሊስ ጠየቃት፤ ትንፍሽ የለም። ዳኛ ሄስተር ጉዳዩን ለኦርቪል ሰጡት። ጉድ ፈላ፣ ለዚህ ለፍላፊ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን በአደራ በተቀበለችው በአሳዳጊዋ በኔቫ በረንዳ ላይ ኦርቪል ከልጅቷ ጋር ፎሶሊያ ይቀነጥሳል። አንድም ነገር አልጠየቃትም። ኔቫ ጠጋ ብላ «ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ?» አለችኝ። ዓሣዋን እንኳ አላነሳም!

ችሎት ደረሰ። የእናቷ ወዳጅ ጠበቃ ኦርቪልን «ልጅቷ ምን ነገረችዎት?» አለው።

«ምንም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲያደርጉ ከረሙ?»

«ፎሶሊያ ስንቀነጥስ።»

ሰው ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷ ወደዚያ ቤት ልትመለስ እኮ ነው! ኦርቪል ቆቡን በእጁ ይዞ «ክብርት ዳኛ፣ የቸኮልነው እኛ ነን። እሷ አልቸኮለችም። ጊዜ ይስጡን» አለ። ሰጡት።

ፎሶሊያው አልቆ በቆሎ መፈልፈል ጀምረው ነበር። ዴልፊ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ «አልወደቅኩም» አለች።

አንዲት ቃል። ኦርቪል «ሰማሁሽ፣ የኔ ልጅ» አላት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ችሎት ፊት ቆሞ ያችኑ ቃል ተናገረ፤ ምንም አልጨመረባትም። ያ ትንሿን ዓሣ ዓሣ ነባሪ የሚያደርግ ሰው! ሰው ለሌላው ሲል ምላሱን እንዲህ ሲገዛ አይታችኋል? ዴልፊ ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም።

ኦርቪል ወዳጄ፣ ዛሬ ደግሞ አንተ ዝም አልክ። ማንም አያስቸኩልህም። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ዴልፊ ትንሽ አጠገብህ መቀመጥ ትፈልጋለች፤ እኛም ዝም ብለን እንቆማለን። ደህና ሁን። የምትለው ካለህ፣ እንጠብቃለን።