የአየሩን ግፊት ደምሩ

ጋሼ እርሳስ፣ ዛሬ በመሸኛዎ እንኳን ቁጭ ብለው ይስሙኝ። የሚያርሙት ካለ ስጨርስ ይነግሩኛል።

መጀመሪያ የመጡ ቀን በሩ ላይ ያገኘሁዎት እኔ ነኝ፣ የዕቃ ክፍሏ። በብብትዎ ጥቅል ወረቀት ይዘው ቆመዋል። «ዘንድሮ ካላንደር ገዝተናል» ብዬ ልሸኝዎት ስል፣ «እኔም ገዝቻለሁ፤ አዲሱ መሐንዲስ ነኝ» አሉኝ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃ ሊወስዱ በመጡ ቁጥር «ካላንደር አትፈልጊም?» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም።

እዚህ ቤት ማቀዝቀዣ ከመሠራቱ በፊት ኮምፒዩተር ላይ ይሞከራል። ጋሼ ግን እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው የጋዙን ዑደት በእጃቸው ካልሳሉ ማንም ቁልፍ አይነካም። ልጆቹ ይቸኩላሉ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ እኮ በሰከንድ ይስለዋል።»

«ይሳለው። ከኔ ጋር እናስተያየዋለን።»

ያቺን ጉብታ የምትመስል መስመር ይሠራሉ፤ ወደ ላይ ግፊቱ፣ ወደ ጎን ጋዙ የተሸከመው ሙቀት። ከዚያ አራት ነጥብ። ከኮምፕሬሰሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ ግራ ይሄዳል፣ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዞሮ የተነሳበት ይገባል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት ሴትዮ ይህን የማውቀው ባንኮኒዬ ላይ ስለሚስሉ ነው። ስንቴ በላጲስ እንዳጸዳሁት እኔ አውቃለሁ። እርሳሱ ጆሯቸው ላይ እያለ «እርሳሴን ማን ወሰደው?» የሚሉትን አላነሳም።

አዲሶቹ ልጄን አታውቋትም። እዚሁ ከጋሼ ጋር ሁለት ዓመት ሠርታለች። በገባች በሳምንቷ የሳሉትን ዲያግራም ትኩር ብላ አየችና፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣

«ጋሼ፣ ዑደቱ ዝቅ ብሏል» አለች።

«የቱ ጋ?»

«ሁሉም። የግፊት መለኪያው ያለውን እንዳለ ነው የጻፉት። የአየሩን ግፊት አልደመሩም።»

እኔ በሩ ላይ መለኪያ ይዤ ቆሜአለሁ። ልጄ ዛሬ ተባረረች አልኩ። መለኪያ ከምንም ሳይታሰር ዜሮ ይላል፤ በዙሪያችን ያለውን አየር አይቆጥረውም። ዲያግራሙ ግን ይቆጥረዋል። ለሰው ሁሉ የሚያስተምሩትን ራስዎ ረሱት። እርሳሱን ሰጧት። «እንግዲያው አንቺ ሳዪው።»

ሳለችው። ጥጉ ላይም «የአየሩን ግፊት ደምሩ» ብላ ጻፈች። በዚያው ቀን ግድግዳው ላይ ለጠፉት፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ያረመችኝ የሷ ልጅ ናት» እያሉ እኔን ማሳየት ሆነ ሥራዎ።

ልጄ ታማ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ያኔ ሰው ስሟን ፊቴ ማንሳት ፈራ። ለኔ አዝኖ ነው፤ አልቀየምኩም። እርስዎ ግን ሥራ በተመለስኩበት ቀን መለኪያ ሊወስዱ መጡና፣ «ልጅሽ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬም አየሩን ረስቼው ነበር» አሉኝ። ሳቅኩ። ከቀብሯ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ የቆምኩት ስለዚያች ሳቅ ላመሰግንዎ ነው።

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲያስጨንቀኝ ከርሟል። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ቀለም ይቀባል ተባለ። ያ ወረቀት የት ሊሄድ ነው? መጠየቅ አፈርኩ። ዛሬ ጠዋት ራስዎ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ያንቺ ነው፣ ቤትሽ ውሰጂው።»

ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቼ ሳየው አረፈድኩ። ቤቴ ፎቶዋ አለ፣ ሹራቧም አለ። ግፊት የሚለካ ሰው ግን ቤቴ የለም። እዚህ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዱ አየሩን ሳይደምር ስሎ ነበር። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አንገቱን የደፋውን እዩት።

ስለዚህ ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፣ ወረቀቱ ቤቴ አይሄድም። ቀለም ቀቢውን አነጋግሬዋለሁ፤ ሲደርቅ እዚያው ቦታው ላይ ይመለሳል። እስከዚያ ዕቃ ክፍል ነው፤ ፈርሜ ተረክቤዋለሁ።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱልኝ። ጋሼ እርሳስ፣ ጤናው አይለይዎ፣ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ደስ ብሎዎት ይኑሩ። ወረቀቱን ማየት ሲያምርዎ ደግሞ ብቅ ይበሉ። ካላንደር ሻጭ ነኝ ቢሉኝም አስገባዎታለሁ።