የመጽሐፉ ልጅ ለቅሶ

ሱሪዬን ላሳጥር ወደ ጋሽ መርፌ ሱቅ ጎራ አልኩ። ጋሽ መርፌ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያገኙት ከሥራቸው ይሁን ከምላሳቸው እስካሁን አልተለየም።

«መምህር፣ እንኳን እግር ጣለዎት» አሉኝ ሜትሩን ከአንገታቸው እያወረዱ። «ለልጄ ያዋሷት መጽሐፍ ጉድ አፈላብን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ልጃቸው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ስታነብ ቆይታ «ወይኔ፣ ገደሉት!» ብላ ትጮኻለች። ግድግዳው ስስ ነው። ለሐዘንም ለደስታም ከሁሉ ቀድመው በመገኘት «ፈጥኖ ደራሽ» የተባሉት ጎረቤት ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ደረታቸውን እየመቱ ከች ይላሉ። ሟቹ የመጽሐፍ ልጅ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ፣ ኮት ሊለካ የመጣ ደንበኛም አብሮ አልቅሷል።

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ መርፌ ግን ፈገግም አላሉ።

«ዛሬውኑ ይውሰዱልኝ። ከእንግዲህም አያውሷት።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ትሰማ ነበር። ለእሷ መጽሐፍ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪዋ ነኝና አውቃለሁ። አንጀቴን በላችው።

«አባዬ፣ ሳልጨርሰው?»

«ሞተ አልሽ አይደል? ሌላ ምን ቀረው?»

«ዋናው ነገር እኮ ከዚያ በኋላ ነው። በቆዳው ቀለም ምክንያት ብቻ ነው የገደሉት። ከዚያ ሰፈሩ እንዴት እንዳዘነ፣ ማን እንደተናገረ፣ ማን ዝም እንዳለ ነው የሚተርከው።»

«ልብ ወለድ አይደል እንዴ? ያልተወለደ ልጅ እንዴት ይሞታል? የራሳችን ሐዘን መች አነሰንና ከመጽሐፍ እንበደራለን! ደግሞ በዚህ ዕድሜ ስለ ግድያ ማንበብ ልብ ያደነድናል።»

«ልቤ ደንድኖ ቢሆን ትናንት ሰፈሩን አስለቅስ ነበር?»

ምላስ በዘር ይወረሳል ብዬ አሰብኩ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«መታጠፊያው ላይ ያሉት፣ መልካቸው ከእኛ የተለየው ሰዎች ልጅ የተደበደበ ጊዜ፣ አባቱ የተቀደደ ጃኬቱን ይዞልህ መጥቶ ነበር። ምን አልከው?»

ጋሽ መርፌ ሜትሩን በጣታቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። «ምን እላለሁ? ‹ሐሙስ ይደርስልሃል› አልኩት።»

«ሌላስ?»

«አሳምሬ ሰፋሁለት። መቀደዱ እንኳ አያስታውቅም።»

«መጽሐፉ ውስጥ አንድ ባለሱቅ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። የሟቹ እናት ስትመጣ ዳቦ ይሸጥላታል፤ እንዴት ሆንሽ ግን አይላትም። ገዳዮቹ ጋ ስደርስ ተናደድኩ። እሱ ጋ ስደርስ ግን አንተ ትዝ አልከኝ፣ አባዬ። አፈርኩ።»

እኔ ስለ ንባብ ጥቅም ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ውስጥ ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? በመጽሐፍ ላይ ማልቀስ የለመደ ልጅ የጎረቤቱን እንባ አይቶ አያልፍም። ያልኖረ ሰው ሐዘን የሚኖረውን ሰው ያሳየናል፤ ልብ ወለድ ለልጆቻችን የሚበጀው ለዚህ ነው።

ጋሽ መርፌ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «መምህር፣ ይኸን ያህል ዘግይቶ መጠየቅ ነውር ይሆን?» አሉኝ።

«ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።»

ሱቁን ዘግተው፣ ልጃቸውን አስቀድመው፣ እኔንም አስከትለው ሄዱ። መታጠፊያው ላይ ያለውን በር ሲያንኳኩ አባትየው ወጣ። ልብስ ሰፊውን ሲያይ ግራ ተጋባ።

«ጃኬቱ ደህና ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ስፌቱ አልተፈታም።»

«ስለ ጃኬቱ አይደለም የመጣሁት» አሉ ጋሽ መርፌ፣ አንገታቸውን ደፍተው። «ልጁ እንዴት ሆነ?»

ሰውየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ወንበር እንዲያመጡ ተጣራ።