የኢዩኤል አርባ ሦስት ቃላት

— ሄሎ? … አቤት ቲቸር ወይንሸት! ምኞት ነኝ፣ የኢዩኤል እህት። እማዬ ሱቅ ናት፣ ቸርችል ጎዳና፤ ሳይመሽ አትመጣም። ለእኔ ይንገሩኝ፣ የቤቱ አስተማሪ እኔ ነኝ። ቆመው ከሆነ ይቀመጡ — አርባ ሦስት ቃል! … አዎ፣ በሦስት ወር! የአራት ዓመቱ ልጅ ኦቲዝም ስላለበት አያወራም ያሉ የእሪ በከንቱ ጎረቤቶች ሁሉ አፋቸውን ይያዙ። እርስዎም ሲደክምዎት ክፍልዎን ለእኔ ይልቀቁልኝ።

— ቃላቱን የምጽፍበት ደብተር? ይኸው እጄ ላይ። የሰኞው ምዘና አያሳስብዎት። ከሌሎች ልጆች ጋር ወደሚማርበት የቡድን ክፍል ካላለፈ ሌላ ዓመት ቤት ይጠብቃል ብለዋት የለ? እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አይወርድላትም። እኔም ጓደኞቼን ካየሁ ስንት ጊዜዬ… ከትምህርት ቤት መጥቼ ካርድ፣ ካርድ፣ ካርድ።

— ላንብብልዎት? "ኳስ።" … እንዴት አለ? ካርዱን አሳየዋለሁ፣ "ኳስ በል" እለዋለሁ፣ "ኳስ በል" ይላል። … አዎ፣ ከነ"በል"ው። … ኳሱን ሲፈልግማ እጄን ነው የሚጎትተው። … ልሰርዘው? ኧረ ቲቸር! … እሺ።

— "ጫማ"ም እንደዚያው ነው። … "ውሻ"ም። … ኧረ ጨረሱብኝ! … ሄሎ፣ ይሰሙኛል? … ገባኝ፤ መድገሙም ጥሩ ነው፣ እዚህ የሚቆጠረው ግን ራሱ ፈልጎ ያለው ብቻ ነው። ታዲያ መጀመሪያውኑ ቢነግሩኝስ? … ነግረውኛል? … እ፣ ያኔ እኔ ሳወራ ይሆናል።

— ኢዩኤል፣ ተቀመጥ! አላለቀም! … ይቅርታ፣ እሱን ነው። ሰሙት? "ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!" ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን በላው። ከምኒልክ አደባባይ እናንተ ጋ ስንመጣ ታክሲ ውስጥ የለቀማት ናት። … ደብተሩ ላይ? ምን ብዬ እጽፋታለሁ፣ ይቺ ደግሞ ቃል ናት! … መቼ መቼ? እ… ወንበር ላይ ሳስቀምጠው። እማዬ ራሱን ስታጥበው። ጎረቤት ልደት ላይ ሙዚቃው ሲበዛበት…

— ቆይ፣ ቆይ። ልቀቂኝ እያለኝ ነው እንዴ? ሦስት ወር ሙሉ?

— አሁን ልልቀቀው? ዘጠኝ ካርድ ይቀረናል እኮ… እሺ። ና ኢዩ፣ ወራጅ አለ። ውረድ። … ወረደ። ቲቸር፣ ዞር ብሎ አየኝ እኮ።

— እና ለሰኞ ይቺ ትበቃለች? … ለመጀመሪያ ትበቃለች? ኡፍፍ። አርባ ሦስቱን ሰርዤ አንድ ልጻፍ ይበሉኛ። ቢያንስ "እህቱ ያስተማረችው" የሚል ይጨመርበት።

— … ምን? "ይቺንማ ያስተማረው የታክሲው ረዳት ነው"? … ቻው፣ ቲቸር።