ለእናቴ ዕረፍት ያየነው ቤት

እኔ ሰው ፊት አፌን የማልከፍት ልጅ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ንዴቱ አናገረኝ። እማዬ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠንቅቋታል። አባባም «ፋሲካን ጣና ዳር ቤት ተከራይተን ትረፍ» አሉና ከደብረ ታቦር መኪና ኮንትራት ይዘን ቤት ልናይ ወረድን። በመጀመሪያው መንደር ያየነው ቤት ደጁ ላይ ሐይቁ ተዘርግቷል። አከራዩ ሽማግሌ ለአባባ ብቻ ያስረዳሉ። «ማጀቱ ከጓሮ ነው። ውኃ ሴቶቹ ከሐይቁ ይቀዳሉ። እርስዎ በታንኳ ተሻግረው ደሴቱ ላይ ያለውን ገዳም ይሳለማሉ።»

«እኛስ?» አለች እማዬ።

«ሴት አይገባም፣ እመቤቴ። እናንተ ቤት ትጠብቃላችሁ።»

አባባ ፊታቸው በራ። «እንዲያውም ወንድሞቼን እጠራለሁ፤ በግ እናርዳለን!»

«በጉን ማን ሊሠራው ነው?» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«በጉንም የምትሠራው፣ ውኃውንም የምትሸከመው እማዬ ናት። ቤታችን እኮ ቧንቧ አለ! ለማን ዕረፍት ነው የመጣነው?»

«ደግሞ አፍ አወጣሽ!» አሉ አባባ። አከራዩ ሳቁ። «ጠበቃ ነው የወለዱት!» ሳቃቸው ይበልጥ አናደደኝ። እማዬ ዝም በይ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላዋን አጣፋች። «ሌላ መንደር እንይ። ቤቱን የምመርጠው እኔ ነኝ» ብላ ሄዳ ገቢና፣ አባባ ሲመጡ የተቀመጡበት ቦታ ገባች።

አባባ ከኋላ ከእኔ ጎን ተቀመጡ። እማዬም ሾፌሩን «ወደ ሐሙሲት ንዳው፤ እዚያ ያለውን ቤት እናያለን» አለችው።