ጨርቅ የታሰረበት ቧንቧ

ባለፈው ጥቅምት ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ የሰው ቧንቧ ከፈትኩና ውሃ መጣ። የሄድኩት ስለ ውሃ እጦት ልዘግብ ነበር። እትዬ ዘይነባን ያገኘኋቸው ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ እያለ ከውሃ ሻጭ አህያ ላይ ውሃ ሲያስወርዱ ነው። የቧንቧው አፍ በጨርቅ ታስሯል። "ከሞከሩት ስንት ጊዜ ሆነው?" አልኳቸው። "ምኑን ልሞክረው ልጄ? ዓመት ሙሉ ጧት ማታ ስከፍተው የሚሰጠኝ ንፋስ ነው። ልቤ ሲደክም አሰርኩትና ተገላገልኩ።" ጨርቁን ፈትቼ ከፈትኩት። ቧንቧው አጓራ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ። እትዬ ዘይነባ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ባለ አህያው ግን አልደነቀውም። "ከመጣ እኮ ወር ሆነው" አለ።

"አንተ ሸይጧን! አውቀህ ነው ውሃ የምታመላልስልኝ?"

"ወላሂ እትዬ፣ መች ጠየቁኝ?"

የእጦት ዘገባዬን ሰርዤ ተመለስኩ። ከሁለት ወር በኋላ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። ውሃው እንደገና ከጠፋ ሳምንት እንዳለፈው ነገረችኝ። ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጠው ተኝተው ይሆናል ብዬ "እናትሽስ እንዴት ሆኑ?" አልኳት።

"እሷማ ከቤት ጠፍታለች። የሰፈሩን ሴት ሁሉ አስከትላ የውሃ መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጀሪካን ደርድራ ከተቀመጠች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ኃላፊው 'መስመሩ ውሃ የለውም' ቢላት፣ 'በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምስክር ጋዜጠኛም አለኝ' አለችው። ስልክህን ሰጥታዋለች።"