አምስተኛው ቤት ላይ ያለው ስም

ደብረ ታቦር። የሙሽራው የስመኘው ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ዘር ለመቁጠር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ወይዘሮ ይታይሽ የልጅ ልጃቸውን ማስተዋልን ጓዳ አስገብተው በሩን ከውስጥ ቆልፈውታል።

ይታይሽ፦ አትይውም! ጥርሴን ብታወልቂው አትይውም። አምስተኛውን ሲጠይቁሽ «ባላምባራስ ድንቁ» ብለሽ ታልፊያለሽ።

ማስተዋል፦ ባላምባራስ ድንቁ የሚባል ሰው አልተፈጠረም እኮ፣ እምዬ። አንቺ ነሽ የወለድሽው።

ይታይሽ፦ ብወልደውስ? ይኸው ሰባ ዓመት ጠብቆናል። በሥጋ ከተወለዱት ማን እንዲህ ጠበቀን?

ማስተዋል፦ አምስተኛው ኬስለር ነው። ከጀርመን የመጣው ደብዳቤ ይኸው። ዘመዳችሁ ነኝ የሚሉት ሽማግሌ ከነሐረጉ ጽፈውታል።

ይታይሽ፦ ቀስ! ስሙን ቀስ ብለሽ ጥሪው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃ ይሰማል።

ማስተዋል፦ ስሚኝማ። የመጀመሪያው ሰው እዚያ ጫካ ዳር ካለ መንደር ነው። የመዳብ ድስት ቀጥቃጭ ነበር፤ ስሙም ከሥራው ወጣ። በየአገሩ እየዞረ የተቀደደ ድስት ይጠግናል...

ይታይሽ፦ ቀጥቃጭ። ይኸው፣ በገዛ አፍሽ።

ማስተዋል፦ እዚያ ነውር አይደለም! ከዚያ የሃይማኖት ጦርነት መጣ። ወታደሮቹ መዳቡን ለመድፍ ፈለጉት። «የደበቅኸውን አውጣ» ብለው ሁለት እጁን በገዛ መዶሻው አደቀቁት። ሚስቱን ከነቤቱ አነደዷት። የተረፈው ልጅ ስሙን ብቻ ይዞ ወደ ስዊስ ጠረፍ ሸሸ።

ይታይሽ፦ አየሽ? እዚያም እሳት።

ማስተዋል፦ ከዚያ ልጅ ዘር አንዱ ከሚሲዮኖች ጋር በእስክንድርያ፣ በምጽዋ አድርጎ እዚህ ደረሰ። ለንጉሡ ብረት አቅልጦ መድፍ ሠራ፣ እዚሁ አገባ። የአያትሽ አባት ማለት እሱ ነው።

ይታይሽ፦ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ? ፊደል ሳልቆጥር እሱን ነው ያስቆጠሩኝ። መድፉ ስንቱን እንደፈጀም አውቃለሁ። ለመድፉ ማንም አልጠላንም። የፈጀን ድስቱ ነው።

ማስተዋል፦ ምን ማለት ነው?

ይታይሽ፦ ምንም። ነጠላሽን አስተካክዪ። እህልም አልቀመስሽ፤ ፊትሽ ገርጥቷል።

ማስተዋል፦ የስመኘው አባት አስተማሪ ናቸው። እሱ ራሱ የከብት ሐኪም ነው። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ብሎ የሚያምን ቤት አይደለም።

ይታይሽ፦ ሁሉ ደኅና ሲሆንማ ማን ያምናል? ልጁ ታሞበት የማያምን አምጪልኝ! አንጓችን ያገባትም ዳዊት ደጋሚ ነበር።

ማስተዋል፦ አንጓች ማን ናት?

ይታይሽ፦ ...እህቴ።

ማስተዋል፦ እህት የለኝም ትይ አልነበር?

ይታይሽ፦ የለኝማ። ዘነዘናው አልተወልኝም።

ማስተዋል፦ የምን ዘነዘና?

ይታይሽ፦ ተይኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ማስተዋል፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የምዳረው እኔ ነኝ፤ ንገሪኝ።

ይታይሽ፦ ዘር ሲቆጠር አባቴ ስሙን ዘለለው። ማንም አልጠየቀ፤ ተዳረች። ክረምቱ ሳይወጣ የባሏን ወንድም ልጅ ሆዱን ያዘው። አጤሱበት፣ ጩኸቱ አልበርድ አለ። «አንቺ ነሽ የበላሽው፤ ትፊበት!» አሏት። ከተፋች አመነች ማለት ነው፤ እምቢ አለች። አማቷ ክንዷን በዘነዘና ሰበረቻት። ያኔ ተፋች። ልጁ ግን ሞተ።

ማስተዋል፦ እና...

ይታይሽ፦ እናማ ዘነዘናውን ወንዶቹ ተቀበሉ። ደጃፉ ላይ ነው፣ ሰው እያየ። ነፍሷ ከወጣም በኋላ ይመቷት ነበር። አባቴ ሰምቶ ምንሽሩን ይዞ ደረሰ፤ ባሏንና ወንድሙን ጣለ። ሦስተኛ ጥይት አልነበረውም። በመጥረቢያ ከታተፉት። ቤታችንን ሲለኩሱት እናቴ አዝላኝ ገደሉን ወረደች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ታዝላ! እግሬ በሩጫ ቆስሎ።

ማስተዋል፦ ቆይ። አባትሽ ስሙን ዘለለው አልሽ። ታዲያ ማን ነገራቸው?

ይታይሽ፦ ኮቴ ሰማሽ? መጡ መሰለኝ።

ማስተዋል፦ የጎረቤት አህያ ነው። ማን ነገራቸው?

ይታይሽ፦ ያን ደብዳቤ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ማስተዋል፦ ማን ነገራቸው፣ እምዬ?

ይታይሽ፦ እኔ! አንጓች ስትዳር ብቻዋን እንዳትሆን ብለው አብረው ሰደዱኝ። የግቢው ልጆች በጠጉሬ ቅላት ሲስቁብኝ፣ «የእኛ ዘር ከባሕር ማዶ ነው፤ ስማችን ድስት ቀጥቃጭ ማለት ነው» አልኳቸው። የሚያኮራ መስሎኝ! ሮጬ አባቴን የጠራሁትም እኔ ነኝ። እህቴንም አባቴንም በአንድ ቀን አስገደልኩ።

ማስተዋል፦ ልጅ ነበርሽ።

ይታይሽ፦ ምላስ ዕድሜ አለው?

ማስተዋል፦ ምላስሽ አይደለም የገደላት። ስሙን የሰሙት ከተዳረች በኋላ ነው፤ በእነሱ ግቢ፣ የእኛ ሰው በሌለበት። አባትሽ ገና ሲቆጠር ቢናገረው ምን ይሆን ነበር?

ይታይሽ፦ ምን ይሆናል? ጋቢያቸውን ለብሰው ይሄዱ ነበር።

ማስተዋል፦ ይኸው። ደብዳቤውን የጻፉት ጀርመናዊ ሽማግሌ በሚያዝያ ይመጣሉ። የኬስለርን መቃብር እየጠየቁ ከተማውን ይዞራሉ። ያኔ እኔ የት ነኝ? ስመኘው ቤት። እዚያ ቤት ደግሞ ያን ሰሞን ልጅ ታሞ ይሆናል።

ይታይሽ፦ አታሟርቺ!

ማስተዋል፦ ሟርቱን ያስተማርሽኝ አንቺ። ዛሬ ብነግራቸው ግን በእኛ ቤት ነን።

ይታይሽ፦ እጃቸውን ቢያነሱብሽስ?

ማስተዋል፦ አጎቶቼ ስድስቱም ሳሎን ተቀምጠው?

ይታይሽ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ልጄ። ደግሞስ ትወጂው የለ? ጥሎሽ ቢሄድስ?

ማስተዋል፦ አለቅሳለሁ። የሞተች አታለቅስም።

ይታይሽ፦ ...አሁንስ የአህያ ኮቴ አይደለም።

ማስተዋል፦ አይደለም። እነሱ ናቸው። ቁልፉን ስጪኝ።

ይታይሽ፦ አንቺ አትቆጥሪም።

ማስተዋል፦ እምዬ!

ይታይሽ፦ ጎኔ ቁሚና ዝም በይ። የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ አምስተኛው ላይ ስደርስ ኬስለር እላለሁ፣ ቀጥቃጭ ነው እላለሁ፣ የከፋው ካለ ጠላ ሳይቀዳለት በመጣበት ይመለስ።