የወጌሻው ቀኝ ትከሻ

ልጄን በኪራይ በቅሎ ከፊቴ አስቀምጬ፣ ከመንገደኞች ጋር ከየካ ወደ ንጉሡ ከተማ ወደ እንጦጦ ስንወጣ፣ አንድ ሽማግሌ ከበቅሏቸው ወድቀው ትከሻቸው ወለቀ። አንዲት መንገደኛ ወርዳ ክንዳቸውን ያዘች።

«ተዪው ልጄ። ወጌሻ ነኝ፣ ቀኜ ከተበላሸ ሥራዬ አለቀ።»

«አውቅዎታለሁ። በልጅነቴ ክርኔን ያስገቡልኝ እርስዎ ነዎት።»

«የስንቱን ላስታውስ!»

«የጥጃዬን ስም ጠየቁኝ፤ ተናግሬ ሳልጨርስ ሳቡት።»

«አለቀስሽ?»

«ሰደብኩዎ።»

ሽማግሌው ሳቁ።

«ለመሆኑ መጀመሪያ ያሹት ማንን ነው?»

«እናቴን። እንጨት ተሸክማ ከዚሁ ዳገት ስትወርድ ወድቃ፣ እኔ ገና... ውይ! አንቺ!»

«ገባ፣ አባቴ። እስቲ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ።»

አንድ በአንድ አንቀሳቀሱ።

«በይ አሁን ጨርሺልኝ፤ የጥጃሽ ስም ማን ነበር?»

«ቡሬ።»

ከየካ ጀምሮ ትወድቅብኛለች ብዬ አጥብቄ የያዝኩትን የልጄን እጅ ላላ አደረግሁላት።